የ15ኛው ክፍለ ዘመን የጣት ጉንጉን፦ አምስት ቀለበት፣ ሦስት ዓይነት ገመድ

ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሃርሊ 2320 ተብሎ የተመዘገበ የእጅ ጽሑፍ አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ከፊሉ ስለ ጨረቃና በልደት ቀን ዕድልን ስለ መተንበይ ያወራል። ከዚያ ነገሩ ይቀየርና የገመድ አሠራር ይመጣል። 40 ገደማ የጉንጉን ዓይነት፣ አንዱ ሌላውን እየተከተለ ተዘርዝሯል።

በዚያ ዘመን ዚፕም ላስቲክም አልነበረም። ልብስ የሚያዘው በአብዛኛው በማሰሪያ ነው። የወንዱ እግር ልብስ ከላይኛው ልብስ ጋር ይታሰራል፤ የሴቷ ቀሚስ ከፊት ወይም ከጎን ይታሰራል፤ የገንዘብ ከረጢት አፉ በገመድ ይሰበሰባል። ከሰነድ ላይ የሚንጠለጠለው የሰም ማኅተም እንኳ አንዳንዴ በሐር ጉንጉን ነበር የሚያዘው። ይህን ሁሉ ማሰሪያ ለመሥራት ደግሞ የሽመና ዕቃ አያስፈልግም። ክርና ጣት ይበቃል። ክሩ እንደ ቀለበት ጣት ላይ ይጠለቃል፤ ከዚያ ቀለበቶቹ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እየተላለፉ ገመዱ ይጎነጎናል።

ልምዱ ቶሎ አልጠፋም። በ17ኛው ክፍለ ዘመንም የከረጢት ማሰሪያ አሠራር የሚጽፉ ነበሩ። ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለ አንድ የዚያ ዘመን ጽሑፍ ከመመሪያው ጎን የተሠራውን ገመድ ቁራጭ አያይዞ ይዟል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። መመሪያውን በትክክል መረዳትና አለመረዳታችሁን አጠገቡ ያለው ናሙና ይነግራችኋላ! በዘመናችን እነዚህን ጽሑፎች ጊዜ ሰጥታ ካጠኑት ሰዎች ስሟ የሚጠራው ስዊዘርላንዳዊቷ ኖኤሚ ሽፓይዘር ናት።

የድሮዎቹ መመሪያዎች አንድ ችግር አለባቸው። የተጻፉት ነገሩን ቀድሞ ላየ ሰው ነው። እጅ እንዴት እንደሚያዝ፣ ክሩ ምን ያህል እንደሚሳብ፣ ቀለበቱ ከጣት ወደ ጣት ሲወርድ እንዴት እንደማይጣመም የሚናገር የለም ማለት ይቻላል። ቁጭ ብላችሁ ጽሑፉን ብቻ ብታፈጡበት ምንም አይወጣውም። ስለዚህ በዚህ መመሪያ መጀመሪያ ክሩን እንይዛለን፤ ወደ ጽሑፉ የምንመለሰው መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያው ስህተታችንን የሚያጋልጥልን ባለ ሁለት ቀለም ክር ነው።

ክሩ

የጥንቶቹ ጥሩ ገመድ ሲፈልጉ ሐር ይጠቀሙ ነበር። ለመማሪያ ግን ሐር ያንሸራትታል፤ ዋጋውም አይቀመስም። ወፍራም የኪሮሽ ክር ከሁሉ ይሻላል። ለስላሳ ነው፣ አይለጠጥም፣ ጉንጉኑም ጥርት ብሎ ይታያል። ዲኤምሲ የሚባለው የጥልፍ ክርም ይሆናል፤ እሱን ግን ሳትፈለቅቁ፣ ስድስቱን ዘለላ እንዳለ ተጠቀሙበት። የሹራብ ክርን ለጊዜው ተዉት። ስለሚለጠጥ አጥብቄያለሁ ብላችሁ ስትለቁት ይኮማተራል፤ ጸጉሩም ቀለበቶቹን እርስ በርስ ያያይዛቸዋል።

ሁለት ቀለም ምረጡ። በጣም የሚለያዩ ይሁኑ። እኔ እዚህ ቀይና ነጭ እያልኩ እሄዳለሁ።

ከቀዩ አምስት፣ ከነጩ አምስት፣ እያንዳንዳቸው 60 ሳንቲሜትር የሆኑ ክሮች ቁረጡ። አንድ ቀይና አንድ ነጭ ወስዳችሁ አንደኛውን ጫፋቸውን አንድ ላይ ቋጥሩ። ቋጠሮው ትንሽና ጠበቅ ያለ ይሁን፤ ትርፉን ከሥሩ ቁረጡት። አሁን ግማሹ ቀይ ግማሹ ነጭ የሆነ አንድ ረጅም ክር አላችሁ። እንዲህ እያላችሁ አምስት አድርጉ። ቋጠሮው ላይ ስታጥፉት አንድ ጎኑ ቀይ፣ ሌላ ጎኑ ነጭ የሆነ ቀለበት ይወጣል። ቋጠሮው የሚውለው ጣታችሁ ጋ ነው።

ከዚያ አሥሩን ነጻ ጫፎች ሰብስቡ። ቀለበቶቹ እኩል መርዘማቸውን አረጋግጡ። አንዱ እንኳ በሁለት ሳንቲ ካጠረ ገመዱ እስኪያልቅ ሲያናድዳችሁ ይኖራል። ጫፎቹን አንድ ላይ በአንድ ትልቅ ቋጠሮ እሰሩ። በቋጠሮው ሌላ ክር አስገብታችሁ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር እሰሩት። የበር እጀታ፣ የወንበር ጀርባ፣ ምስማር፣ ያገኛችሁት ይሆናል። ከፍታው ከሆዳችሁ እስከ ደረታችሁ ባለው መሃል ቢሆን ትከሻ አይደክምም።

የጣቶቹ ስም

የሃርሊው ጽሑፍ መጀመሪያ የሚያደርገው ለጣቶች ስም ማውጣት ነው። ከአውራ ጣት ቀጥሎ ያለው፣ ማለትም ሌባ ጣት፣ ኤ ይባላል። መሃል ጣት ቢ ነው። ቀጣዩ ሲ፣ ትንሿ ጣት ዲ። አውራ ጣት በዚህ ሥራ ስም የለውም። በሁለቱም እጅ አጠራሩ ያው ነው፤ «ቀኝ ኤ»፣ «ግራ ሲ» እያላችሁ ትለያላችሁ። እኔም ያንኑ እከተላለሁ። የቀለበት ጣትን በስሙ ብጠራው ከክሩ ቀለበት ጋር ይምታታል፤ ሲ ሲባል ግን ግልጽ ነው።

አያያዝ

ቋጠሮው ከፊታችሁ ይሁን። መዳፎቻችሁ እርስ በርስ ይተያዩ፣ ትንሽም ወደ ላይ ይዘንበሉ። ጣቶቻችሁን እንደ ማጠፍ አድርጓቸው፣ ቀለበቶቹ እንዳይሾልኩ።

በግራ እጅ ሦስት ቀለበት፦ ኤ፣ ቢ እና ሲ ላይ።
በቀኝ እጅ ሁለት ቀለበት፦ ቢ እና ሲ ላይ። ቀኝ ኤ ባዶ ነው።

እያንዳንዱን ቀለበት ስታጠልቁ ቀዩ ክር ከጣቱ በላይ፣ ነጩ ከጣቱ በታች ይሁን። አምስቱም እንዲህ ይሁኑ። አሁን ሁለቱን እጆች ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ከላይ አምስት ቀይ ክር፣ ከታች አምስት ነጭ ክር ተወጥሮ ማየት አለባችሁ። አንዱ ከተጣመመ አውልቃችሁ እንደገና አጥልቁት። በዚህ ሰዓት የታለፈ ጥምዝ በኋላ የት እንደገባ አይታወቅም።

ማለፍና መገልበጥ

ነገሩ ሁሉ ያለው በሁለት እንቅስቃሴ ላይ ነው። እነሱ ከገቧችሁ የቀረው ቀላል ነው።

የመጀመሪያው ማለፍ ነው። ቀኝ ኤ ባዶ ስለሆነች ሠራተኛዋ እሷ ናት። ከራሷ እጅ ውጭ በኩል ተነስታ፣ በቀኝ ቢ እና በቀኝ ሲ ላይ ባሉት ቀለበቶች መሃል ታልፋለች። ማለትም ከላይኛው ክራቸው በታች፣ ከታችኛው ክራቸው በላይ ሆና በግራ እጅ በኩል ብቅ ትላለች። ከዚያ የግራ ሲን ቀለበት ይዛ፣ በመጣችበት መንገድ ይዛው ትመለሳለች። የቀኙን ሁለት ቀለበት ጠጋ ጠጋ ካደረጋችኋቸው ጣቷ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ታልፋለች።

ሁለተኛው አያያዙ ነው። የድሮው ጽሑፍ አንዳንዴ ቀለበቱን ገልብጠህ ውሰድ፣ አንዳንዴ ሳትገለብጥ ውሰድ ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ እንበል።

ሳይገለበጥ መውሰድ ማለት ይህ ነው። ቀኝ ኤ በግራ ሲ ጣት ጫፍ በኩል ወደ ቀለበቱ ውስጥ ትገባለች። ለቅጽበት ሁለቱ ጣቶች ከተቃራኒ አቅጣጫ በአንድ ቀለበት ውስጥ ይሆናሉ። ከዚያ ግራ ሲ ትወጣለች። ቀለበቱን ስታዩት ቀዩ አሁንም ከላይ ነው።

ገልብጦ መውሰድ ደግሞ ከውጭ በኩል መያዝ ነው። ቀኝ ኤ ከላይኛው ክር በላይ አልፋ ትሄዳለች፤ ከዚያ ወደ ታች ታጥፋ፣ የላይኛውን ክር በእጥፋቷ ይዛ ትመለሳለች። ጣታችሁን ስታቀኑት ቀለበቱ ግማሽ ዙር ይዞራል። ቀዩ ወደ ታች ወርዶ ነጩ ከላይ ይሆናል።

መጎንጎን ሳትጀምሩ ይህቺን ብቻ ደጋግሙ። አንዱን ቀለበት ሳትገለብጡ ውሰዱና መልሱ። ገልብጣችሁ ውሰዱና መልሱ። ቀለሙን እያያችሁ። የጣቱ አካሄድ ቢምታታባችሁ ግድ የለም፤ ቀለሙ አይዋሽም። ቀዩ ከላይ ከቀረ አልተገለበጠም፣ ነጩ ከላይ ከመጣ ተገልብጧል። አለቀ።

አንደኛው ገመድ፦ ለሁለት የሚከፈለው

ከዚህ እንጀምር የምለው ለልብስ ስለሚጠቅም አይደለም። እጃችሁ በትክክል እየሠራ መሆኑን ከማንኛውም በላይ ቶሎ የሚያሳይ እሱ ስለሆነ ነው።

አንድ። ቀኝ ኤ በቀኝ ቢ እና ሲ ቀለበቶች ውስጥ ታልፋ የግራ ሲን ቀለበት ሳትገለብጥ ትወስዳለች።

ሁለት። እጆቻችሁን ወደ ግራና ቀኝ ሰፋ አድርጋችሁ ክፈቱ። ያለፈው ክር እስከ ቋጠሮው ድረስ ይግባ።

ሦስት። አሁን ግራ ሲ ባዶ ናት። የግራ ቢ ቀለበት ወደ ሲ ይውረድ፤ የግራ ኤ ቀለበት ወደ ቢ ይውረድ። ግራ ኤ ባዶ ትቀራለች።

አራት። ተራው የግራ ነው። ግራ ኤ በግራ ቢ እና ሲ ቀለበቶች ውስጥ ታልፋ የቀኝ ሲን ቀለበት ሳትገለብጥ ትወስዳለች።

አምስት። እጅ ክፈቱ፣ አጥብቁ።

ስድስት። የቀኝ ቢ ወደ ሲ፣ የቀኝ ኤ ወደ ቢ። ቀኝ ኤ ባዶ። እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ቦታ ተመለሳችሁ፤ በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሁለት። ደግማችሁ ከአንድ ጀምሩ።

ቀለበቶቹን ወደ ታች ማውረዱ መጀመሪያ ላይ ከመጎንጎኑ ይብሳል። ባዶዋ ጣት ከጎኗ ባለው ቀለበት ውስጥ፣ ቀለበቱን የያዘችው ጣት በገባችበት አቅጣጫ ትገባለች፤ ከዚያ ያቺኛዋ ትወጣለች። በአውራ ጣት ደገፍ ማድረግ ይቻላል። ዋናው ነገር ሲወርድ እንዳይጣመም ነው። ቀለሙን እዩ፤ ከመውረዱ በፊት ቀዩ ከላይ ከነበረ ከወረደም በኋላ ከላይ መሆን አለበት።

አሥር ያህል ዙር ከሄዳችሁ በኋላ ቋጠሮው ጋ ያለውን ሥራ በጥፍራችሁ ነካ አድርጉት። ከላይ አንድ ቀይ ጠፍጣፋ ጉንጉን፣ ከታች አንድ ነጭ ጠፍጣፋ ጉንጉን ታገኛላችሁ። በመሃላቸው እስክሪብቶ ማስገባት ይቻላል። በአንድ ጊዜ ሁለት ገመድ ሠራችሁ ማለት ነው። ነገሩ አስማት አይደለም። ምንም ስላልተገለበጠ የላይ ክሮች ከላይ ብቻ፣ የታች ክሮች ከታች ብቻ ተጎነጎኑ።

በቀዩ ላይ ነጭ ነጥብ ብልጭ ካለ የሆነ ቦታ አንድ ቀለበት ሳታውቁት ተገልብጧል። ነጥቡ ያለበት ጎን የቱ እጅ እንዳጠፋ ይነግራችኋል። ንጹሕ ቀይና ንጹሕ ነጭ እስኪወጣላችሁ ድረስ ወደ ሁለተኛው አትሂዱ።

ስለ ማጥበቅ

ሹሩባ የሚሠራ ሰው ከሥሩ ጥብቅ ካላደረገ ጫፉ ላይ ቢታገል ዋጋ የለውም። እዚህም እንዲያው ነው። ከእያንዳንዱ ማለፍ በኋላ እጅ መከፈት አለበት፤ ሁለት ሦስት ዙር ሄጄ አንዴ አጠብቀዋለሁ አይሠራም። አከፋፈቱም እኩል ይሁን። ቀኝ እጃችሁ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ ቀኙን አብዝታችሁ ብትስቡ ገመዱ ይጣመማል። ኃይል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሰፊ አከፋፈትና ተመሳሳይ አሳሳብ ነው። ክሩ እየጮኸ ከሆነ አብዝታችኋል።

ሁለተኛው፦ ድቡልቡሉ

በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ውስጥ የአምስት ቀለበት ድቡልቡል ማሰሪያ የሚባል አለ። ድቡልቡል ይበሉት እንጂ ጠበቅ ተደርጎ ሲሠራ አራት ማዕዘን ይመስላል። ጠንካራ ነው፤ ለከረጢትም ለልብስም የሚሆነው እሱ ነው። ለአንገት ማተብ የሚሆን ክር መጎንጎን የሚፈልግ ሰውም ይህን ቢሠራ አይቆጭም።

አሠራሩ ከላይ ካሉት ስድስት እርምጃዎች አይለይም። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እርምጃ አንድ ላይም እርምጃ አራት ላይም ቀለበቱ ተገልብጦ ይወሰዳል። በመገልበጡ የላይ ክር ወደ ታች፣ የታች ክር ወደ ላይ ስለሚሄድ ሁለቱ ንጣፎች በሁለቱም ጠርዝ ይጋጠማሉ።

ቀለሙ ላይ ከመጀመሪያው ትንሽ ለውጥ አድርጉ። በግራ እጅ ያሉት ሦስቱ ቀይ ከላይ፣ በቀኝ ያሉት ሁለቱ ነጭ ከላይ ይሁኑ። አሁን ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ሁሉ ስለሚገለበጥ ቀኝ እጅ ሲደርስ ነጩ ከላይ ይሆናል። ወደ ግራ ሲመለስ እንደገና ቀይ ይሆናል። ስለዚህ በማንኛውም ሰዓት ግራ እጃችሁ ላይ ከላይ ቀይ ብቻ፣ ቀኝ እጃችሁ ላይ ከላይ ነጭ ብቻ ታያላችሁ። ይህ የማያቋርጥ ቁጥጥር ነው። በግራ እጅ ላይ አንድ ነጭ ከላይ ካያችሁ ቁሙ፣ አሁን ነው የተሳሳታችሁት።

ገመዱ ሲወጣ በአንደኛው ፊቱ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ነጭ ሆኖ ቁመቱን ሙሉ ይሄዳል። ስትገለብጡት ቀለሞቹ ቦታ ተለዋውጠው ታገኟቸዋላችሁ።

ሦስተኛው፦ ሰፊው

በአንድ በኩል ገልብጡ፣ በሌላ በኩል አትገልብጡ። ይኸው ነው። እርምጃ አንድ ላይ ገልብጣችሁ ትወስዳላችሁ፣ አራት ላይ ሳትገለብጡ። ሁለቱ ንጣፎች በአንድ ጠርዝ ብቻ ይጋጠማሉ፤ በሌላው ክፍት ናቸው። ታጥፎ ነው የሚወጣው። በጥፍር ከፈት ከፈት ስታደርጉት ስፋቱ እጥፍ የሆነ አንድ ጠፍጣፋ ጥብጣብ ይሆናል። ክፈቱት፤ ገና እየሠራችሁ ሳለ በየተወሰነ ርቀት ክፈቱት። ካለቀ በኋላ ለመክፈት ከሞከራችሁ እጥፋቱ ክሩን አስለምዶት ጠርዝ ላይ ምልክት ይቀራል።

ሰፊውን በሁለት ቀለም ክር ብትሠሩት ቀለሙ ይዘበራረቃል፤ እያንዳንዱ ቀለበት በየዙሩ ፊቱን ይቀይራልና። በባለ አንድ ቀለም ቀለበት ያምራል። ባለ አንድ ቀለም ሲሆን ደግሞ መሃል ላይ ቋጠሮ አያስፈልግም። 120 ሳንቲሜትሩን ክር ሁለት ማጠፍ ብቻ ነው።

አቋርጣችሁ መነሳት ካለባችሁ

ስልክ ይጠራል፣ ቡና ይፈላል፣ ልጅ ይጣራል። ቀለበቶቹን ዝም ብላችሁ ከለቀቃችኋቸው በቃ፣ ቅደም ተከተሉ ጠፋ። ሁለት እርሳስ አጠገባችሁ አኑሩ። የግራውን ቀለበቶች በቅደም ተከተል በአንዱ፣ የቀኙን በሌላው ላይ አስተላልፉ። የማን ተራ እንደነበረ ለማወቅ ቁጠሩ፤ ሁለት ቀለበት ያለበት እጅ ነው ቀጥሎ የሚወስደው።

ሲበላሽ

ድቡልቡሉ በአንድ ጎኑ ከተከፈተ በዚያ ጎን መገልበጥ ረስታችኋል። በሁለቱም ጎን ከተከፈተ አልገለበጣችሁም ማለት ነው። አንድ ክር ከገመዱ ወጣ ብሎ ረዘም ያለ ጋደም ያለ መስመር ከሠራ፣ ጣታችሁ ከሁለቱ ቀለበት አንዱን ዘላለች። ብዙውን ጊዜ የምትዘለው ሲን ነው፤ ዝቅ ስለምትል ትረሳለች። ገመዱ ራሱ ሰላላና ወፍራም እየሆነ ከሄደ አሳሳባችሁ አንድ ዓይነት አይደለም።

መፍታት ይቻላል፤ የመጣችሁበትን መንገድ በግልባጩ መሄድ ነው። ግን ከሁለት ሦስት እርምጃ በላይ ከሆነ ለጀማሪ አይመከርም። አጭር ገመድ ነው፤ ቀለበቶቹን ልቀቁ፣ እስከ ቋጠሮው ፍቱት፣ እንደገና ጀምሩ። ክሩ አይጎዳም።

ጫፉ

ቀለበቶቹ አጥረው እጆቻችሁ መንቀሳቀሻ ሲያጡ አቁሙ። ከ60 ሳንቲሜትር ቀለበት እንደ ክሩ ውፍረትና እንደ አጠባበቃችሁ ከ35 እስከ 45 ሳንቲሜትር ገመድ ብትጠብቁ ነው። ቀለበቶቹን ሳትለቁ ገመዱን በሌላ ክር ከሥሩ አጥብቃችሁ ጠምጥሙት፤ ከዚያ ልቀቁና ትርፉን ቁረጡ። በጊዜው የማሰሪያ ጫፍ ላይ ትንሽ የብረት ሽፋን ይገጠም ነበር፤ ዛሬ የጫማ ማሰሪያ ጫፍ ላይ ያለው ፕላስቲክ የእሱ ዘር ነው። ያለ እሱ ገመዱ በቀዳዳ ውስጥ አይገባም፣ ጫፉም ይተረተራል። የሚገጠም ሽፋን ከሌላችሁ ጫፉን በሰም ማሸት ለጊዜው ይይዛል።

ከክንድ በላይ ለሚረዝም

ብቻችሁን ስትሠሩ የገመዱ ርዝመት በክንዳችሁ ይወሰናል። ቀለበቱ በጣም ከረዘመ እጃችሁን ብትከፍቱም ጉንጉኑ እስከ ሥሩ አይጠብቅም። መላው ረዳት ነው። አንድ ሰው ቋጠሮው ጋ ይቀመጥና እናንተ ባሳለፋችሁ ቁጥር በጣቱ ወይም በቀጭን እንጨት ክሩን ወደ ሥራው ይግፋው። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል፤ ለአምስት ደቂቃ ያህል።

አሁን ወደ ጽሑፉ

የድሮ መመሪያዎች አነጋገራቸው በግርድፉ እንዲህ ነው፦ ሁለት ቀለበት በቀኝ ቢ እና ሲ ላይ አድርግ፤ ሦስት ቀለበት በግራ ኤ፣ ቢ እና ሲ ላይ። ከዚያ ቀኝ ኤ በዚያው እጅ ቀለበቶች ውስጥ አልፋ የግራ ሲን ቀለበት ገልብጣ ትውሰድ። የግራ ቀለበቶችህን አውርድ። ከዚያ ግራ ኤ እንዲሁ ታድርግ። እንደገና ጀምር።

መጀመሪያ ላይ ይህን ብትሰሙት ኖሮ የሒሳብ ቀመር ይመስላችሁ ነበር። አሁን ግን እጃችሁ ያውቀዋል። ሌላ መመሪያ ስታገኙ በዚሁ ዓይን አንብቡት። መጀመሪያ ቀለበቶቹን ቁጠሩ፤ የጥንቱ ጽሑፍ በሮማን ቁጥር ስለሚጽፍ አይደናገጡ። ቀጥሎ በየትኛው ጣት ላይ እንዳሉ፣ የትኛዋ ባዶ እንደሆነች ለዩ። ከዚያ በስንት ቀለበት ውስጥ ታልፋለች፣ በሁለቱም ነው በአንዱ ብቻ? አንድ ቀለበት መዝለልም ራሱን የቻለ ሌላ ገመድ ይሰጣል። በመጨረሻ በየእጁ ይገለበጣል አይገለበጥም? ለእነዚህ መልስ ካገኛችሁ የቀረው ጌጥ ነው።

ቀጥሎ የምትሞክሩት ሰባት ቀለበት ይሁን። በግራ አራት፣ ከኤ እስከ ዲ፤ በቀኝ ሦስት፣ ከቢ እስከ ዲ። ቀኝ ኤ በሦስቱም ውስጥ አልፋ የግራ ዲን ትወስዳለች፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጣት ይወርዳል። ቀለበቶቹን በ10 ሳንቲሜትር ያህል አስረዝሟቸው፣ ገመዱ ሲወፍር ክር ይበላልና። ትንሿ ጣት መጀመሪያ ላይ ትሰንፋለች። ቀለበቱ እንዳይሾልክባት ወደ መዳፋችሁ አጥፋችሁ ያዟት።